ለነገ የሚባልና ለነገ የማይባል ብልሽት

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ቤተሰቤ የሚኖረው ደግሞ አዳማ በመሆኑ ሞጆን በሳምንት ሁለት ጊዜ አልፋታለሁ፡፡ አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት መንገዱ ስለምጓዝ ከተማዋን የማያት ከሩቅ ነው፡፡ ባለፈው ወር ግን ደረቅ ወደቡ ዘንድ ጉዳይ ስለነበረኝ በአሮጌው መንገድ ገባሁና፣ ተራቸውን ከሚጠብቁት ከባድ መኪናዎች ፊት ለፊት ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀመጥኩ፡፡ ከፊቴ የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር የነዳጅ ታንኩን ክዳን ከፍቶ ረዘም ያለ ዱላ አስገባ፡፡ ዱላውን አውጥቶ እስከ የት ድረስ እንደራሰ በጣቱ ለካና መልሶ ከወንበሩ ጀርባ አስቀመጠው፡፡

‹‹ጌጁ አይሠራም እንዴ?›› አልኩት፡፡

‹‹የቱ ጌጅ?›› ብሎ ሳቀ፡፡ ‹‹መኪናውን ስረከብም አይሠራም ነበር፡፡ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፡፡››

‹‹ባለቤቱ ያውቃል?››

‹‹በመጀመሪያው ሰሞን ነግሬዋለሁ፡፡ ‹ይቆይ፣ ሌላ ነገር ስናሠራ አብረን እናሠራዋለን› አለኝ፡፡ ከዚያ እሱም ረሳው፣ እኔም ረሳሁት፡፡ ደግሞስ ዱላ አይዋሽ ወንድሜ!››

ይህ አነጋገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ማታ ለአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወልኩለት፡፡ ጓደኛዬ ለብዙ ዓመታት በአውሮፕላን ጥገና ሙያ የቆየ ሰው ነው፡፡ የሹፌሩን ነገር አጫወትኩትና ‹‹መቼም እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም›› አልኩት፡፡ ‹‹አለ እንጂ!›› አለኝ ያለምንም ማቅማማት፡፡ ‹‹አንዳንድ መሣሪያ ተበላሽቶም ይበራል፡፡ የነዳጅ ጌጅም ቢሆን፡፡ ልዩነቱ፣ እኛ ዘንድ ‹ይቆይ› የሚባለው ነገር የመጨረሻ ቀን አለው፡፡››

እኔ ከደነገጥኩ ሌላውም መንገደኛ ይደነግጣል ብዬ አሰብኩ፡፡ ስለዚህ የአውሮፕላን ብልሽት ለነገ ሊባል የሚችለው መቼ እንደሆነ፣ መቼስ ለነገ እንደማይባል የተረዳሁትን ለአንባቢያን ላካፍል ወደድሁ፡፡

ዝርዝሩ

አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ክፍሎች የተሠራ ነው፡፡ ከእነዚህ ሁሉ መካከል በማንኛውም ቀን አንድ የማይሠራ ነገር አይጠፋም፡፡ የማንበቢያ መብራት ሊቃጠል፣ የቡና ማፍያው ሊበላሽ፣ ወይም በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ካሉት ማመልከቻዎች አንዱ ሊጨልም ይችላል፡፡ በእያንዳንዱ ምክንያት አውሮፕላኑ ይቁም ቢባል በዓለም ላይ የሚበር አውሮፕላን ባልተገኘ ነበር፡፡ በአንጻሩ ‹‹ግድ የለም፣ ያደርሳል›› የሚለውን ውሳኔ ለካፒቴኑ ወይም ለመካኒኩ ድፍረት ብቻ መተው ሞትን መጋበዝ ነው፡፡

በሁለቱ መካከል መንገድ ያበጀው በሙያው ቋንቋ ‹‹ሚኒመም ኢኪዩፕመንት ሊስት››፣ ባጭሩ ‹‹ሜል›› የሚባለው ሰነድ ነው፡፡ ቃል በቃል ‹‹አነስተኛው የመሣሪያዎች ዝርዝር›› እንደማለት ነው፡፡ ስሙ ትንሽ ያሳስታል፡፡ ምክንያቱም በውስጡ የተዘረዘሩት የግድ መሥራት ያለባቸው ዕቃዎች ሳይሆኑ፣ ለተወሰነ ጊዜና በተወሰነ ሁኔታ ባይሠሩም የሚፈቀዱት ናቸው፡፡ ለበረራ ብቁነት የሚያስፈልግ ሆኖ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ሁሉ የግድ መሥራት አለበት፡፡ ‹‹ክንፍ›› የሚል ቃል በዝርዝሩ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም፡፡

የሰነዱ መነሻ የሚሆነው ዋና ዝርዝር የሚዘጋጀው በአውሮፕላኑ አምራች ሲሆን፣ የሚያጸድቀውም ለአውሮፕላኑ ዓይነት ፈቃድ የሰጠው የአገሩ ባለሥልጣን ነው፡፡ ለምሳሌ ለቦይንግ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያጸድቃል፡፡ እያንዳንዱ አየር መንገድ ከዚያ ተነስቶ የራሱን ዝርዝር ያዘጋጅና በአገሩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያስጸድቃል፡፡ በእኛ አገር ይህ ሥራ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ አየር መንገዱ ዝርዝሩን ከዋናው ይበልጥ ማጥበቅ ይችላል፣ ማላላት ግን አይችልም፡፡

ጓደኛዬ ‹‹የመጨረሻ ቀን›› ያለው ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፡፡ በዝርዝሩ የተካተተ እያንዳንዱ ዕቃ ከአራት ምድቦች በአንዱ ይመደባል፡፡ በ‹‹ኤ›› ምድብ ያለው ለራሱ በተለይ የተጻፈለት ገደብ አለው፤ ገደቡ በቀን ወይም በበረራ ብዛት ሊሆን ይችላል፡፡ የ‹‹ቢ›› ምድብ በተከታታይ 3 ቀናት ውስጥ፣ የ‹‹ሲ›› ምድብ በ10 ቀናት ውስጥ፣ የ‹‹ዲ›› ምድብ ደግሞ በ120 ቀናት ውስጥ መጠገን አለበት፡፡ ብልሽቱ የተመዘገበበት ዕለት አይቆጠርም፡፡ ገደቡ ሲያልፍ፣ በሕጉ መሠረት የተሰጠ ማራዘሚያ ከሌለ በቀር፣ አውሮፕላኑ ሳይጠገን መንገደኛ ጭኖ አይነሳም፡፡

ከቀኑ ሌላ ሁለት ግዴታዎች አሉ፡፡ አንደኛው የጥገና ባለሙያው ሥራ ነው፡፡ የተበላሸው መሣሪያ ሌላውን እንዳይረብሽ ከኤሌክትሪክ ይለያል፣ ወይም ይቆለፋል፤ ከአጠገቡም ‹‹አይሠራም›› የሚል ምልክት ይለጠፋል፡፡ ሁለተኛው የአብራሪዎቹ ነው፡፡ የጎደለውን መሣሪያ የሚተካ አሠራር መከተል፣ ወይም በረራውን መገደብ አለባቸው፡፡ የአየር ጠባይ ማሳያው ራዳር ከተበላሸ፣ በመንገዱ ላይ ነጎድጓዳማ ደመና የሚጠበቅ ከሆነ መሄድ የለም፡፡ በጅራቱ ውስጥ ያለችው ረዳት ሞተር ካልሠራች፣ በማረፊያው ዋናዎቹን ሞተሮች የሚያስነሳ መሣሪያ መኖሩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፡፡ ይህ ሁሉ በአውሮፕላኑ የቴክኒክ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፡፡ ካፒቴኑ መዝገቡን አንብቦ ይፈርማል፡፡ ዝርዝሩ ቢፈቅድም እንኳ ‹‹በዚህ ሁኔታ አልሄድም›› የማለት ሥልጣኑ የእርሱ ነው፡፡

የእኛ ሹፌር ቢሆን ኖሮ የነዳጅ ጌጁ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ‹‹አይሠራም›› ተብሎ ተለጥፎበት፣ ‹‹በየጉዞው መነሻ በዱላ ይለካ፣ እስከዚህ ቀን ይጠገን›› ተብሎ ይጻፍለት ነበር ማለት ነው፡፡ ዱላው የጋራ ነው፡፡ አውሮፕላንም ከክንፉ ሥር ነዳጅ የሚለካበት ዘንግ አለው፡፡ ጌጁ ሲበላሽ እሱ ይወጣል፡፡ የሞጆው ሹፌር የሌለው መዝገቡና ቀኑ ነው፡፡

ለምን ይፈቀዳል?

‹‹መለዋወጫ ቀይሮ መብረር ነው እንጂ!›› የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ እኔም ብያለሁ፡፡ ነገር ግን ብልሽቱ የሚታወቀው መለዋወጫው ባለበት ሀንጋር ውስጥ ብቻ አይደለም፡፡ መሠረቱ አዲስ አበባ የሆነ አውሮፕላን አንድ መሣሪያ በምዕራብ አፍሪካ ከተማ ቢበላሽበት፣ መሣሪያውም ሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያው እዚያ ላይገኙ ይችላሉ፡፡ ዘመናዊ አውሮፕላን አብዛኞቹ ወሳኝ መሣሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የተሠሩት ለዚህ ጭምር ነው፡፡ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይተካል፡፡

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፡፡ የቆመ አውሮፕላን ገቢ የለውም፤ የባንክ ዕዳው ወይም ኪራዩ ግን አይቆምም፡፡ ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፡፡ በሌሊት፣ በጥድፊያ፣ ባልተሟላ መሣሪያ የሚደረግ ጥገና ራሱ አደጋ ያመጣል፡፡ ትንሽዋን ብልሽት ሁለት ቀን አቆይቶ በሚገባው ቦታ መጠገን አንዳንዴ የተሻለው ጥበብ ነው፡፡

ስለዚህ ብልሽትን ማቆየት በራሱ ቸልተኝነት አይደለም፡፡ ብድርን ይመስላል፡፡ መጠኑ የታወቀ፣ ቀኑ የተቆረጠና የተጻፈ ብድር ሥራ ያስኬዳል፡፡ ያልተጻፈና ቀን የሌለው ብድር ግን አንድ ቀን ቤት ያፈርሳል፡፡ የአቪዬሽን ታሪክ ሁለቱንም አሳይቶናል፡፡

ዱላም የሚዋሽበት ቀን አለ

ለሹፌሩ ‹‹ዱላ አይዋሽም›› አባባል የተሻለው መልስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 ካናዳ ውስጥ የሆነው ነው፡፡ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ተነስቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ሊበር ነበር፡፡ የነዳጅ መለኪያው ኮምፒዩተር ሁለት መስመር ነበረው፤ አንደኛው እንከን ስለነበረበት ባለሙያ ማብሪያ ማጥፊያውን አውጥቶ በሁለተኛው ብቻ እንዲሠራ አድርጎታል፡፡ እስከዚህ ነገሩ ደህና ነበር፡፡ ሞንትሪያል ላይ ግን ሌላ ባለሙያ ሊፈትሽ ብሎ ማብሪያውን መለሰውና፣ በሌላ ሥራ ተጠርቶ ሳያወጣው ቀረ፡፡ የነዳጅ ማመልከቻዎቹ ሁሉ ጨለሙ፡፡

የአየር መንገዱ ዝርዝር ጌጆቹ ከነጭራሹ ጨልመው እንዲበር አይፈቅድም ነበር፡፡ ካፒቴኑ ግን ከእርሱ በፊት የነበረው ካፒቴን የነገረውን ባለመግባባቱ፣ አውሮፕላኑ ሲመጣም በዚሁ ሁኔታ የበረረ መሰለው፡፡ ጥገናውም እንዳጸደቀው አመነ፡፡ ነዳጁ በዘንግ ተለካ፡፡ ዘንጉ የሚናገረው በሊትር ነው፤ አውሮፕላኑ የሚፈልገው ግን በኪሎ ነው፡፡ 767 ለኩባንያው አዲስ፣ በሜትሪክ መለኪያ የሚሠራ አውሮፕላን ነበር፡፡ ሰዎቹ በለመዱት የፓውንድ ቁጥር አበዙ፡፡ የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት 0.8 ኪሎ ያህል ሲሆን በፓውንድ 1.77 ነው፡፡ በ1.77 አብዝተው ያገኙትን ‹‹ኪሎ›› ብለው ያዙት፡፡ 22,300 ኪሎ የሚያስፈልገው አውሮፕላን 10,000 ኪሎ ያህል ብቻ ይዞ ተነሳ፡፡

በጉዞው መካከል ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፡፡ ካፒቴኑ የተንሸራታች አውሮፕላን ልምድ ስለነበረው፣ ጊምሊ በተባለች ትንሽ ከተማ በቀድሞ የአየር ኃይል ማኮብኮቢያ ላይ ያለ ሞተር አሳረፈው፡፡ በማኮብኮቢያው ላይ የመኪና ውድድር ፕሮግራም ነበር፡፡ በአውሮፕላኑ የነበሩት 69 ሰዎችም፣ በመሬት ያሉትም ሁሉም ተረፉ፡፡ ዘንጉ አልዋሸም፤ የተተካው አሠራር ግን ሰዎቹ በትክክል ካልሠለጠኑበት ከጌጁ ብልሽት የባሰ ሆነ፡፡ የቆየ ብልሽት የመጀመሪያው አደጋ ይህ ነው፤ ዛሬ የተበላሸው ምን እንደሆነና ማን ምን እንደነካ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ፡፡

ምልክቱና በሽታው

ሁለተኛው አደጋ ይበልጥ የረቀቀ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2008 የስፓንኤር ኤምዲ-82 አውሮፕላን ከማድሪድ ወደ ካናሪ ደሴቶች ሊነሳ ሲል፣ አብራሪዎቹ የውጭውን አየር ሙቀት የሚለካው መሣሪያ ከልክ በላይ መጋሉን አይተው ተመለሱ፡፡ መሣሪያው በሰማይ ላይ በረዶ እንዳይዘው ማሞቂያ አለው፡፡ ማሞቂያው በምድር ላይ መሥራት አልነበረበትም፡፡ ባለሙያዎቹ ዝርዝሩን ተመለከቱ፡፡ በረዶ በማይጠበቅበት ጉዞ ያለዚያ ማሞቂያ መብረር ይፈቀዳል፡፡ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማቋረጫውን አውጥተው፣ መዝግበው አውሮፕላኑን ለቀቁት፡፡ በወረቀት ላይ ሕጉ የተከበረ ይመስላል፡፡

ዳሩ ግን ማሞቂያው በምድር ላይ ለምን ሠራ? ብልሽቱ ከማሞቂያው ሳይሆን አውሮፕላኑ በምድር ላይ ነው ወይስ በአየር ላይ የሚለውን ከሚለይ አንድ የኤሌክትሪክ ሪሌይ ሊሆን ይችላል፡፡ ያው ሪሌይ አብራሪዎች የክንፍ ተቀጥላዎችን (ፍላፕ የሚባሉትን) ሳይዘረጉ ለመነሳት ቢሞክሩ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያም ያገለግላል፡፡ በዚያ ቀን አብራሪዎቹ በመዘግየቱ ጥድፊያ ውስጥ ፍላፑን ሳይዘረጉ ተነሱ፡፡ ማስጠንቀቂያው አልጮኸም፡፡ ከ172 ሰዎች 154ቱ አለቁ፡፡ የስፔን መርማሪዎች ማስጠንቀቂያው ያልጮኸበትን ምክንያት በእርግጠኝነት መደምደም ባይችሉም፣ በዚያ ሪሌይ በኩል ያለውን ግንኙነት በሪፖርታቸው አመልክተዋል፡፡

ሐኪም የትኩሳት መድኃኒት ሰጥቶ ወባውን ሳይመረምር ቢያሰናብት እንደማለት ነው፡፡ ዝርዝሩ የሚመልሰው ‹‹ይህ ዕቃ ባይሠራ መብረር ይቻላል ወይ?›› የሚለውን ጥያቄ ነው፡፡ ‹‹ይህ ዕቃ ለምን እንዲህ ሆነ?›› የሚለውን አይመልስም፡፡ ያ የሰው ሥራ ነው፡፡

ሦስተኛው አደጋ ተደጋጋሚነት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2014 ከኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ ወደ ሲንጋፖር ሲበር 162 ሰዎችን ይዞ ባሕር ውስጥ የወደቀው የኢንዶኔዥያ ኤርኤሺያ ኤርባስ ኤ320፣ የጅራት መሪውን እንቅስቃሴ የሚገድበው መሣሪያ ብልሽት በዚያው ዓመት 23 ጊዜ ተመዝግቦበታል፡፡ ምክንያቱ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ነበር፡፡ በየጊዜው ይፈተሻል፣ ኮምፒዩተሩ ይጠፋና ይበራል፣ መልእክቱም ይጠፋል፤ መዝገቡ ‹‹ተስተካክሏል›› ተብሎ ይዘጋል፡፡ በመጨረሻው በረራ መልእክቱ ደጋግሞ ሲመጣ የኤሌክትሪክ ማቋረጫዎቹ በአየር ላይ ወጡ፤ አውቶፓይለቱም ለቀቀ፡፡ አብራሪዎቹ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አልቻሉም፡፡ ይህ ብልሽት በወረቀት ላይ እንዲቆይ የተደረገ አልነበረም፡፡ በየጊዜው ‹‹ተጠግኗል›› እየተባለ ሳይጠገን የቆየ ነበር፡፡

ከሞጆ ወደ ኤጄሬ

ሞጆ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ ለእኔ ቀላል አልነበረም፡፡ ከከተማዋ ወደ ሰሜን የሚገነጠለው የኤጄሬና የአረርቲ መንገድ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ወደ ወደቀበት ወደ ጊምቢቹ ወረዳ ነው የሚወስደው፡፡ ያን እሑድ ጠዋት 2፡38 ሰዓት ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ ቆይቶ በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ተከሰከሰ፡፡ 157ቱም አለቁ፡፡ ስለ አደጋው ብዙ ተጽፏል፡፡ ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ ጋር የተያያዘው ክፍል ግን ብዙም አልተነገረም፡፡

ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ፣ አፍንጫው ከሚመጣው ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች አሉ፡፡ በማክስ ላይ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የአንዱን ብቻ እያመነ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ እንደነበር አሁን ዓለም ያውቃል፡፡ ሁለቱ መሣሪያዎች የተለያየ ነገር ሲናገሩ ለአብራሪዎቹ ‹‹አልተስማሙም›› የሚል ጽሑፍ በማሳያቸው ላይ መውጣት ነበረበት፡፡ ይህ ማስጠንቀቂያ በሁሉም ማክስ ላይ እንዲኖር ታስቦ ነበር፡፡ በሶፍትዌር ስህተት ምክንያት ግን የሚሠራው ተጨማሪ ከፍለው የማዕዘን ማሳያ በገዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ላይ ብቻ ሆነ፡፡

ቦይንግ ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2017፣ ማክስን ለደንበኞቹ ማስረከብ በጀመረ በወራት ውስጥ ነው፡፡ በውስጡ መክሮ ‹‹ደኅንነትን አይነካም›› አለና፣ ማስተካከያውን በ2020 ከታቀደው የሶፍትዌር ማሻሻያ ጋር አብሮ ሊሠራው ወሰነ፡፡ ‹‹ሌላ ነገር ስናሠራ አብረን እናሠራዋለን›› ማለት ነው፡፡ የሞጆውን የመኪና ባለቤት ቃል እንዴት እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ፡፡ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ሪፖርት ማስጠንቀቂያው ከማክስ አውሮፕላኖች ከ80 በመቶ በሚበልጡት ላይ እንደማይሠራ ገልጿል፡፡

አንድ አየር መንገድ በራሱ አውሮፕላን ላይ ይህን ብልሽት ቢያገኝ ኖሮ በመዝገብ አስፍሮ፣ ምልክት ለጥፎ፣ ቀን ቆርጦ፣ ለካፒቴኑ ማሳወቅ ነበረበት፡፡ እዚህ ግን ብልሽቱ የነበረው በአንድ አውሮፕላን ላይ ሳይሆን ከፋብሪካው በወጡት በመቶዎች በሚቆጠሩት ላይ ነው፡፡ ሆኖም የሚበሩት አብራሪዎችም፣ የሚጠግኑት ባለሙያዎችም፣ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤትም አላወቁም፡፡ የተነገራቸው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር በረራ 610 ጃካርታ አጠገብ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው፡፡

የላየን ኤር ታሪክም የመዝገብ ነገር አለበት፡፡ ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ያ አውሮፕላን የማዕዘን መለኪያው ተቀይሮለት ነበር፡፡ የተገጠመው ግን 21 ዲግሪ ያህል የተዛባ ነበር፡፡ በዚያ ምሽት ከባሊ ወደ ጃካርታ የበረሩት አብራሪዎች ከመነሳት እስከ ማረፍ መሪያቸው በማስጠንቀቂያ እየተንቀጠቀጠ በመከራ ደረሱ፡፡ መዝገቡ ላይ የፍጥነትና የከፍታ ማመልከቻዎች አለመስማማታቸውን ጻፉ፤ የመሪውን መንቀጥቀጥና አፍንጫው ወደ ታች ሲገፋቸው የወሰዱትን እርምጃ ግን አልጻፉም፡፡ መካኒኩ የጠገነው የተጻፈለትን ነው፡፡ በማግስቱ ጠዋት ያው አውሮፕላን ሌሎች ሰዎችን ይዞ ወጣ፡፡

በእኛው አውሮፕላን ላይ የግራው ማዕዘን መለኪያ ከተነሳ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ወደ 74.5 ዲግሪ ዘለለ፤ የቀኙ ግን ትክክለኛውን ይናገር ነበር፡፡ ምክንያቱ ላይ መርማሪዎች አልተስማሙም፡፡ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት መንስኤውን ከኤሌክትሪክ ብልሽት ጋር ሲያያይዘው፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ደግሞ ወፍ መሰል ባዕድ ነገር ሳይመታው አልቀረም ብለዋል፡፡ ኤምካስ አውሮፕላኑን ወደ ታች መግፋቱ ላይ ግን ልዩነት የለም፡፡ ‹‹አልተስማሙም›› የሚለው ጽሑፍ ቢወጣ ኖሮ አደጋው አይደርስም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ያን ማንም በእርግጠኝነት መናገር አይችልም፡፡ የምለው፣ በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች የሚታገሉ ሁለት አብራሪዎች እንዲያውቁት የሚገባቸውን አንድ ነገር ከሩቅ አገር ያለ ቢሮ ‹‹ይቆይ›› ብሎት እንደነበር ነው፡፡ ማክስ ከታገደ በኋላ ኤምካስ ከሁለቱም መለኪያዎች እንዲያነብ ተደርጎ፣ ማስጠንቀቂያውም በሁሉም ላይ ተስተካክሎ ተመልሷል፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ እንደገና ያበረዋል፡፡

ታዲያ መንገደኛው ምን ያድርግ?

አንድ ጊዜ ከውጭ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውሮፕላን በቴክኒክ ምክንያት ሁለት ሰዓት ዘግይቶብናል፡፡ እንደ ብዙው ሰው አጉረመረምኩ፡፡ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ‹‹ልጄ፣ ሰማይ ላይ ሆነን መሬት ከምንመኝ መሬት ላይ ሆነን ሰማይ ብንመኝ ይሻላል›› አሉኝ፡፡ ያኔ ሳቅሁ፡፡ አሁን የገባኝ፣ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ምናልባት አንድ ባለሙያ ዝርዝሩን እየመረመረ፣ አንድ ካፒቴን ‹‹ይህ ከዛሬው አየር ጋር ይሄዳል ወይ?›› እያለ ይሆናል፡፡ መንገደኛ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ያን ሰዓት አለመንጠቅ ነው፡፡ ጥድፊያ ማድሪድ ላይ ምን እንዳደረገ አይተናል፡፡

ጓደኛዬን በመጨረሻ ‹‹አንተ ‹ይቆይ› ከማለትህ በፊት ምን ትጠይቃለህ?›› አልኩት፡፡ ‹‹አራት ነገር›› አለኝ፡፡ ‹‹ለምን ተበላሸ? ከዚህ በፊት ተበላሽቶ ያውቃል? አብሮት ሌላ የተበላሸ ነገር አለ? ነገ የሚያበረው ሰው ያውቃል? አራቱን ካልመለስኩ ዝርዝሩ ቢፈቅድም እጄ አይፈርምም፡፡››

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ለአውሮፕላን ብቻ የተፈጠሩ አይመስለኝም፡፡ በየመሥሪያ ቤታችን ‹‹ለጊዜው›› የተባለ ጄኔሬተር፣ ‹‹ለጊዜው›› የታሰረ የሊፍት በር፣ ‹‹ለጊዜው›› የጠፋ የእሳት ማስጠንቀቂያ ያልገጠመው ማን አለ? መኪኖቻችን በዓመት አንድ ጊዜ ተመርምረው ቦሎ ይለጠፍባቸዋል፤ በቀሩት ወራት የሚበላሸውን የሚመዘግብ ደብተር ግን በስንቱ ጋቢና ውስጥ ይገኛል?

ያን ቀን ከሞጆ ከመነሳቴ በፊት ለሹፌሩ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ያኔ እኔም አላውቀውም ነበር፡፡ ሻይውን ጠጥቶ ሲነሳ ግን ‹‹ሌላ የማይሠራ ነገር አለው እንዴ?›› ብዬ ጠይቄው ነበር፡፡ ጥቂት አሰበና ‹‹የሙቀቱ ጌጅ አለ፤ የፍሬን አየር ማሳያውም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይተኛል›› አለኝ፡፡ ከዚያ በቀን ስንት ሰው ወደሚመላለስበት መንገድ ኮንቴይነሩን ይዞ ወጣ፡፡ የነዳጁን ጌጅ በዱላ ተክቶታል፡፡ የፍሬኑን በምን እንደተካው ሳልጠይቀው ሄደ፡፡